ስድስተኛዋ ጥይት

ሐምዳን ከገብስ መጋዘኑ ደጃፍ በደረቱ ተደፍቶ የተገኘው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጥይቷ ከኋላ ገብታ ትከሻውን በስታ ወጥታለች። ከድንጋዩ ግድግዳ ደርሳ ተጨፍልቃለች።

እስትንፋሱ አለ። ወደ ላሊበላ ሆስፒታል አጣደፉት።

ጋሸና ከዳር እስከ ዳር ተናወጠች። ተኩሱ ወልድያ ድረስ ተሰማ ያለም አልጠፋ።

ምክትል ኢንስፔክተር ይማርሽ መሬቱን ስንዝር በስንዝር አሰሰች። ቀለሃ የለም።

«ባለካዝና ሽጉጥ ቀለሃውን ይተፋል» አለች። «የማይተፋው ስድስት ጎራሽ ነው።»

«ስድስት ጎራሽ የሚታጠቀው ጋሽ ጋሻዬ ብቻ ነው» አለ ባምላክ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ። ጩኸት ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር።

ጋሻዬ የበቅሎ ነጋዴ ነው፤ የሐምዳን የሃያ ዓመት ወዳጅ። በምላሱ ብቻ ላስታን ሦስት ጊዜ ከወራሪ አድኗል። የዚያን ዕለት ማለዳም ከመጋዘኑ ፊት ከባምላክ ጋር ሲሟገት ገበያተኛው ሁሉ ሰምቶታል።

«ያንተዋ ባለካዝና ስምንት ብትጎርስስ? በጭንቅ ቀን ጥይት ትነክስብሃለች። የኔ ነክሳ አታውቅም!»

«የእርስዎማ የሙዚየም ዕቃ ናት፣ ጋሼ። እንደገና እስኪያጎርሷት ጠላትዎ ምሳውን በልቶ ይመለሳል።»

«ጠላቴ ለምሳ የሚደርስ መሰለህ? ደግሞ ያንተዋ ቀለሃዋን ጥላ ታሳብቅብሃለች። የኔ ምስጢር ጠባቂ ናት። ብተኩስባት ማን ያውቃል?»

አሁን ያቺ ምስጢር ጠባቂ ከይማርሽ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች። አምስት ጥይት፤ አንዱ ቀዳዳ ባዶ።

«ስድስተኛዋ የት አለች?»

«በነብር ላይ ተኮስኳት።»

«መቼ?»

«በ... በጾሙ ጊዜ።»

«ነብሩስ?»

«አመለጠ።»

«ጥይቴ አይስትም ይላሉ እኮ።»

«ፈጣን ነብር ነበር፣ ኢንስፔክተር።»

ይማርሽ አልሳቀችም። «አቶ ጋሻዬ፣ ሐምዳን ከሞተ ዕድሜ ልክዎን ይታሰራሉ።»

ጋሻዬን ከእስሩ ይልቅ ወዳጁን በጀርባው መታው መባሉ አንጀቱን አቃጠለው። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረ። ሀፍረቱ ግን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይከብድ ነበርና ዋጠው።

በሩ ተበረገደ። ባለቤቱ ወለተ ሐና ገባች። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ፈታችና አንዲት ጥይት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ስድስተኛዋ ይቻትና። ሽጉጡን ገዝቶ የመጣ ዕለት ከወገቡ ሾልኮ ወደቀ። ባርቆ ጣሪያዬን በሳው። እሱን ያገኘሁት አልጋ ሥር ነው።»

«አንቺ ሴት!»

«ዝም በል፣ ልትታሰር ነው! ከዚያ ወዲህ መቺው ብረት የሚያርፍባት ቀዳዳ ባዶ ካልሆነች ቤቴ አይገባም ብዬ ይቺን ተቀበልኩት። ምን ነብር አለ? ድመት የሚፈራ ሰው!»

ይማርሽ አፈሙዙን አሸተተች። ባሩድ የለም። የኑግ ዘይት ብቻ።

በዚህ መካከል ባምላክ ለሦስተኛ ጊዜ በበሩ ብቅ አለ። «ኢንስፔክተር፣ ገብሱን ልጫን እንጂ። ደሴ ይጠብቁኛል።»

ይማርሽ አየችው። ደሙ ሳይደርቅ ገብስ? ባለካዝና ሽጉጥ ቀለሃውን ወደ ቀኝ ነው የሚተፋው። በመጋዘኑ በር በስተቀኝ ደግሞ አፋቸው የተከፈተ ሦስት ጆንያዎች ቆመዋል። በዚያ ሁሉ ገብስ ውስጥ ቀለሃ ቢሰምጥ ማን ያገኘዋል?

ይማርሽ ይህንኑ ነግራ ሁሉንም ወደ መጋዘኑ ወሰደቻቸው። «ሰፌድ አምጡልኝ» አለች ወለተ ሐና።

የሐምዳን እህት ኸዲጃ ሁለት ሰፌድ ይዛ መጣች። «ጋሻዬ ወንድሜን አይመታም» ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። ሦስት ኩንታል ገብስ በሁለት ሴቶች እጅ ይበጠር ጀመር።

በሁለተኛው ጆንያ ከወለተ ሐና ሰፌድ ላይ አንዲት ነገር ቅጭል አለች። የባለካዝና ሽጉጥ ቀለሃ።

በሦስተኛው ሥር ኸዲጃ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነካች። የብር መስቀል! ከሳምንት በፊት ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የጠፋው።

ባምላክ ወደ በሩ ሲፈተለክ ሁለት ፖሊሶች ያዙት።

«ሐምዳን እርጥበት አለው ብሎ ጆንያውን ይፈታ ጀመር። የደበቅሁትን መስቀል ሊያገኘው ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሰው ከመድረሱ በፊት ቀለሃውን ባነሳው በጋሼ ይላከካል ብዬ ነበር። ፈልጌ አጣሁት። ቀለሃ እንደሚያሳብቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ጋሻዬ ምላሱን ነከሰ።

በማግስቱ ጋሻዬና ወለተ ሐና ላሊበላ ሆስፒታል ገቡ። ሐምዳን ነቅቷል።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ጋሻዬ እጁን ሲይዘው። «ለመሆኑ ለዘወትር ትጥቅ የትኛው ይሻላል? ባለካዝናው ወይስ ያንተዋ?»

«የወለተ ሐና ነጠላ» አለ ጋሻዬ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከተመለሰለት ሽጉጡ አምስቱን ጥይት አውጥቶ መዳፏ ላይ አፈሰሰላት። «እነዚህንም ቋጥሪያቸው።»

ዛሬም ስድስት ጎራሹን ታጥቆ ይንጎራደዳል፤ ባዶውን። ምላሱ ግን አልቦዘነም። ያ ሦስት ኩንታል ገብስ በእሱ አፍ ሠላሳ ደርሷል። ወለተ ሐናና ኸዲጃም ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ሳይቀምሱ አበጥረውታል። ወለተ ሐና ሌላ ውሸቱን ሁሉ ታርማለች። ይህንን ሲያወራ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ዝም ብላ ትሰማዋለች።