ያላስተማርኩት እስክስታ

የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ቤት ሰው ሁሉ «መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ» እያለ ሲመጣ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ እንዲህ ያለ ወሬ አንድ ቀን እንኳ ከልቤ ገብቶ አያውቅም፣ ጓደኞቼ ሲያወሩም በሳቅ ነበር የማቋርጣቸው። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ብትስቁ አልቀየማችሁም።

ቀን ቀን ሆስፒታል ካርድ ክፍል እሠራለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ፀዳ ውስጥ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ አዳራሽ፣ ስምንት ልጃገረዶችን እስክስታ አሠለጥናለሁ። ወለሉን ጣውላ ያስመታነው እኛው ነን፣ መስታወት ግን የለንም፣ እናም እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ መስታወት እሆንላቸዋለሁ። በክልሉ ውድድር ሁለት ዓመት ተከታትለን ሁለተኛ ወጣን፣ ሁለቱንም ጊዜ ዳኞቹ ያሉን አንድ ነገር ነው፣ አጀማመራችሁ ሸጋ ነው፣ መጨረሻው ግን ይወድቅባችኋል። እውነታቸውን ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግማሾቹ ልጆች ተመርቀው ሊበተኑ ነው፣ አብረን የምንቆምበት ሌላ መድረክ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን፣ እኔ ግን ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው እንኳ መጨረሻ የሚሆን ነገር ጠፍቶኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አቃተን፣ ከዚያ መብራት ጠፋና ስፒከሩም ዝም አለ። መስኮቶቹ ትንንሽ ስለሆኑ አዳራሹ ድንግዝግዝ አለ። በቃ ለዛሬ ይብቃን ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ልጆቹ አላቆሙም።

ፊት የምትቆመው ዘቢደር ናት፣ ከሳንጃ መጥታ እዚህ የምትማር ዝምተኛ ልጅ። ትከሻዋን ቀስ አድርጋ ጣለችው፣ ሰባቱም ጣሉ። እመኑኝ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ሲጨፍር የዓይን ጥቅሻ ያህል ይዘገያል፣ ዓመታት ያሠለጠነ ሰው ያቺን መዘግየት አያጣትም፣ እነዚህ ግን አልዘገዩም፣ የስምንቱ ትከሻ እንደ አንድ ሰው ትከሻ ነበር የሚወርደው። ቀጥሎ ሰውነታቸው ሁሉ ቆሞ አንገታቸው ብቻ ሄደ፣ ከዚያ አንገታቸውም ቆመና ትንፋሻቸው ብቻ ደረታቸው ላይ ሲጨፍር አየሁ፣ እንዴት አድርጌ እንደምነግራችሁ አላውቅም። እንባዬ መጣ። ልጅ ሆኜ ማሕሌት ሲቆም የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ነው የተሰማኝ፣ ያን ለማየት የማልበቃ መሰለኝ።

ድምፅም ነበር። ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ፣ ከፊቴ አንድ እርምጃ ርቆ፣ ማንም ያልቆመበት ጣውላ ላይ እግር ሲረግጥና የእግር አልቦ ሲንሿሿ ሰማሁ። ከልጆቹ አልቦ ያደረገች አልነበረችም። ቆርቆሮው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

መብራት ሲመጣ ቆሙ። ይህን ማን አሳያችሁ ብዬ ስጠይቅ እያንዳንዷ ከፊቴ ያለችውን ነው የተከተልኩት አለች፣ ዘቢደር ግን አቀርቅራ ዝም አለች፣ እኔም የራሷ ፈጠራ ሆኖ አፍራ ነው ብዬ አቀፍኳት።

ለውድድሩ ባሕር ዳር ሄደን ያንኑ ይዘን መድረክ ወጣን። ሲጨርሱ ከዳኞቹ አንዱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። አንደኛ ወጣን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዋንጫውን ዘቢደር ጭን ላይ አስቀምጬ፣ መጨረሻውን የፈጠርሽው አንቺ ነሽና ይኼ ያንቺ ነው አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ምነው እትዬ፣ እኔ እኮ እኒያን ሴት ነው የተከተልሁ» አለች።

«የትኛዋን ሴት?»

«ከፊቴ የነበሩትን። እኔ ያየሁ ጀርባቸውን ነው፣ ፊታቸው ወደ እርስዎ ነበር። እርስዎ ያመጧቸው እንግዳ መስለውኝ ነው ዝም ያልሁ።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከዚያስ የት ሄዱ አልኳት።

«እንጃ። መብራት ሊመጣ ሲል ጠጋ ብለው በጆሮዎ የሆነ ነገር ነገሩዎ፣ እርስዎም ራስዎን ዝቅ አድርገው እሺ አሏቸው» አለችና፣ «ምን ብለውዎ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ሌሎቹ ተኝተው ነበር፣ እኔም ዋንጫውን ደህና አድርገሽ ያዢው አልኳት። አሁን አዳራሹ ውስጥ ያስቀመጥነውን ዋንጫ ሰው እየመጣ ያደንቀዋል፣ እኔም አብሬ አደንቃለሁ፣ ያን ጭፈራ አንዴ ደግሜ ለማየት የማልሰጠው ነገር የለም፣ ይህን አልዋሻችሁም። ግን ምኑን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።