ከመቀሱ በፊት

ራኬብ አንዱን ጆሮዋን በኢርፎን ደፍና ሌላውን ለእናቷ የስፌት መኪና ተወችው። መኪናው እስከጮኸ ድረስ እናቷ ከጓዳ አትወጣም። ላፕቶፑ ላይ የድራግ ውድድሩ አዲስ ሲዝን ጀምሯል፤ ወንዶች እንደ ሴት ለብሰውና ተኳኩለው ዳኞች ፊት የሚቀርቡበት ነው። ዘንድሮ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ወንድሟ ዘርዓብሩክ ነው።

ከቤት ከወጣ ሁለተኛ ፋሲካው። በስደት በሚኖሩባት ፌርፋክስ ከተማ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል፤ ቀሚስ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስልክ ላይ ያየች ቀን እናታቸው «እንዲህ ሆነህ ደጄን አትርገጥ» አለችው። እሱም አልረገጠም። ስሙም በቤቱ አይነሳም። ራኬብን ግን ናፍቋታል፤ የሸሚዟን ቁልፍ ሲተክልላት ማጉረምረሙ እንኳ ሳይቀር።

ብቅ አለ! ገና አልተኳኳለም። ቀሚስ እንዲሰፉ ጨርቅ ተሰጥቷቸዋል። መቀሱን አነሳና በጣቱ ጨርቁ ላይ መስቀል ሠራ፤ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ።

የዕለቱ እንግዳ ዳኛ፣ አገር ያወቃት ዘፋኝ፣ በጠረጴዛዎቹ መሀል ስትዞር አየችው። «አሁን ምን አልክ?»

«በስመ አብ። እናቴ እሱን ሳትል ጨርቅ አትቆርጥም። ስፌት ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

«ይሄ ሲተላለፍ ታይሃለች?»

ሲከፋው የሚስቀውን ሳቅ ሳቀ። «እህቴ ታየኛለች። እማዬ እንኳ… ሥራ ይበዛባታል።»

የራኬብ ዓይን እንባ ሞላ። ወዲያው የስፌት መኪናው ዝም አለ።

«ራኪ! ነይ ክር አስገቢልኝ፣ ዓይኔ እምቢ አለኝ!»

ዓይኗን ጠራርጋ ገባች። እናቷ ግን ቀና ብላ አየቻት። «ምነው? ማን አስለቀሰሽ?»

«ናቲንግ፣ ማሚ። ሾው ዋች እያደረግኩ ነው።»

«በሾው ይለቀሳል እንዴ? ወይ ጉድ!»

ራኬብ ክሩን አስገባች። እናቷ ቀና ሳትል «ድሮ እሱ ነበር የሚያስገባልኝ» አለች። ስሙን አልጠራችም። ድምጿ ግን ሰለለ።

ራኬብ ወደ ሳሎን ተመለሰች። እናቷ ከተቆጣች ላፕቶፑ ይወሰዳል፤ በየሳምንቱ ወንድሟን የምታይበት ሌላ መንገድ የላትም። ቢሆንም ትዕይንቱን ወንድሟ መቀሱን እስካነሳበት ድረስ ወደ ኋላ መለሰች፣ ኢርፎኑን ነቀለችና ላፕቶፑን ታቅፋ ጓዳ ገባች።

እናቷ አዲስ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ በጣቷ መስቀል እየሠራችበት ነበር።

«ማሚ» አለች ራኬብ፣ «መቀሱን አንዴ አስቀምጪው።»