አባት የጠገናት ስልክ

እጁ የነካው ዕቃ ሳይናገር አይመለስም ይባልለት ነበር። ሬዲዮ ቢሆን፣ ቴፕ ቢሆን፣ የልጅ መጫወቻም ቢሆን! ሱቁ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአንድ በር የተያያዘች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ መበየጃው፣ ቀጫጭን ካቻቢቴዎቹ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች ተደርድረዋል። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሞገድ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ግን ይህ ሥራው ብቻ አልነበረም። በጎልማሳነቱ ወታደር ነበር፤ የመገናኛ ሬዲዮ ተሸካሚ። ጓዶቹ በተከበቡበት በዚያ ክፉ ቀን፣ ጥይት የበሳውን ሬዲዮ በጥርሱ በላጠው ሽቦ ቀጥሎ ርዳታ ጠራና ከመቶ የማያንስ ሰው ከሞት አተረፈ። ከዚያ ወዲህ «ድምፁ የጠፋ ወታደር የሞተ ወታደር ነው» የሚል አነጋገር ነበረው። ሚስቱ ይህን በሰማች ቁጥር «ጀመረው ደግሞ!» እያለች ትስቅበታለች። ከተጋቡ በአሥራ አንድ ዓመታቸው፣ ተስፋ ቆርጠው ሳለ የተሰጣቸው አንድ ልጅ ነበራቸው። የዓይናቸው ማረፊያ! እሱም እንደ አባቱ ወታደር ሆኖ ሄደ። አምስት ወር ሙሉ ስልኩ አልሠራ ብሎ እናቱ ሰውነቷ አልቆ፣ ቀለበቷ ከጣቷ እየሾለከ በክር እስክታስረው ድረስ ከሳች።

ልጁ ለሦስት ቀን ፈቃድ መጣ። መጣ ይባል ይሆን? ሥጋው መጣ! ደጅ ላይ አይቆምም፤ መስኮት አጠገብ አይቀመጥም። በመንገድ ሞተር ሳይክል ስታልፍ ሳህኑን ጥሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እናቱ አየችው፤ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን ሳህን ለቀመች። አባቱ ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ ሊያጫውተው ሞከረ።

«በእኛ ጊዜ ጥይት ከፊት ነበር የሚመጣው። ድንጋይ ካገኘህ ድንጋዩ ወንድምህ ነው።»

«አሁን ድንጋይ አይከልልም አባዬ። ከላይ ናት፤ ድሮን ናት። እንደ ንብ ትጮኻለች። የሚነዳት ሰውዬ የት እንዳለ እንጃ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። የጠላቴን ፊት አንድም ቀን አላየሁትም። እሱ ግን ጢሜን ስላጭ ሁሉ ያየኛል።»

«እቺ የመጫወቻ አውሮፕላን!» ጋሽ ሞገድ ሳቀ። «እሷንማ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንቷን ጠግኛለሁ!»

ልጁ አልሳቀም። «ማየት ብቻ መሰለህ? ደግሞ...» ብሎ ሊቀጥል ሲል እናቱ ሻይ ይዛ ገባች፤ ተነስቶ ተቀበላት።

«ስልክህ ምን ነካው ልጄ? ስደውል ስደውል...»

«ተበላሽታለች እማዬ። ፎቶሽን ብቻ ነው የማይባት።»

ምነው ያኔ እውነቱን በተናገረ! ግን የትኛው ልጅ ነው እናቱን በፍርሃት ገድሎ የሚሄድ? ለአባቱ ደግሞ ያ «ተበላሽታለች» የሚለው ቃል ቁስል ሆነበት። የሰው ሁሉ ስልክ በእጁ ድኖ የገዛ ልጁ ስልክ ትሙት? በሦስተኛው ቀን፣ ልጁ ከመንገዱ በፊት አልጋ ላይ ጋደም ባለበት፣ ስልኳን ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ ከፈታት። የአንቴናዋ ሽቦ ተነቅሏል። «ወድቃበት ነው» አለና አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይፈጅ ሰክቶ ዘጋት፤ አጥፍቶ ኪሱ መለሳት። ሚስቱን ጠጋ ብሎ «ሲደርስ ደውይለት፤ ለሱ እንዳትነግሪው፤ ሳያስበው ይደሰት» አላት። ሴትዮዋ እንደ ልጃገረድ እጁን ሳመችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ግን አባት በገዛ እጁ ሥራ ምን ብሎ ይጠርጥር?

ልጁ ከሄደ በስድስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ እናቱ ስትደውልለት ስልኩ ጠራ! እናት እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

«እማዬ?... አንቺ ነሽ? እንዴት... ማን ጠገናት?»

«አባትህ ነዋ! ሌላ ማን አለህ!»

«እማዬ ዝጊው! ዝጊው በናትሽ!»

ተቋረጠ። «አለቃው መጥቶበት ነው መሰለኝ» አለች ወደ ባሏ ዞራ። ዓይኗ በደስታ እንባ ሞልቶ ነበር። «ድምፁ ግን ደህና ነው! ሰማኸው አይደል?» ቀኑን ሙሉ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራች ተናገረች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል! በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወጣት ወታደር በክራንች እየተደገፈ መርዶ ይዞ መጣ። እናት ራሷን ስታ ጎረቤት ሲደግፋት፣ ወጣቱ ጋሽ ሞገድን ወደ ሱቁ ወስዶ በሩን ዘጋ።

«አባባ፣ ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግርዎ። እዚያ ስልክ ከተከፈተ ያለንበትን ያውቁታል፤ ድሮኗን ይልካሉ። እሱ ሽቦዋን ራሱ ነበር የነቀላት፤ ለፎቶና ለእናቱ ድምፅ ለመቅዳት ብቻ ነበር የሚከፍታት። ከቤት እንደተመለሰ ሲከፍታት ጠራች። አሥራ አንድ ነበርን ጉድጓድ ውስጥ። ስልኩን ይዞ ወደ ሜዳው ሮጠ፤ እኛ እንዳንነካ... ድሮኗ አልዘገየችም።» መስታወቷ የረገፈ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ማን እንደጠገናት ግን አላወቅንም።»

ጋሽ ሞገድ እጆቹን አገላብጦ አያቸው። መቶ ሰው ያዳኑ እጆች!

እናት ግን ወጣቱ ሲሰናበታት ልጇ ድምፁን ቀድቶላት እንደነበር ብቻ ነግሯት ኖሮ፣ ሐዘንተኛው ሲበተን ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። «ጠግንልኝ» አለች። «ሌላ ምንም አልልህም። ድምፁን ብቻ...» በሩን ዘግቶ ጠገናት። ከባድ አልነበረም። የተቀዳው አንድ ብቻ ነበር፤ ከፈቃዱ በፊት የተቀዳ።

«እማዬ፣ ስመጣ ስልኬ ተበላሽታለች እልሻለሁ፤ ውሸቴን ነው። እኔው ነኝ የነቀልኳት። ብትደውይልኝ ይገድሉኛል። ይህን ብልክልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሽቦዋ ተነቅላ እንዴት አድርጌ! ብቻ አንድ ቀን ስትሰሚው ለአባዬ አደራ እንዳትነግሪው፤ የተበላሸ ነገር አይቶ እንቅልፍ አይወስደውም...» ከዚያ የልጁ ሳቅ ነበር።

ሁለቴ ሰማው። የደወለችው እሷ ናት፤ ይህን ከሰማች ከልጇ ሞት የባሰ ሞት ይጠብቃታል። ሽቦዋን ነቀላት፤ የውስጥ ሰሌዳዋን በመዶሻ ፈጨው። ሲወጣ በሩ ሥር ቁጭ ብላ እየጠበቀችው ነበር።

«አልተቻለም» አላት።

«አልተቻለም? አንተ?» ወደ እጆቹ አየች። «የባዳ ሁሉ ሬዲዮ ስታናግር ኖረህ... እጅህ ለእኔ ጊዜ ነው የዛገው?»

ከዚያ ቀን በኋላ አላናገረችውም። ምግቡን ታቀርባለች፤ አልጋውን ታነጥፋለች፤ ቃል ግን የለም። ዓመት ሳይሞላት በአንድ ማለዳ ከትራሷ ሳትነሳ ቀረች። እስከ መጨረሻው የልጇ ነፍስ በእሷ ጥሪ መጥፋቱን አላወቀችም፤ ባሏን እንደ እጀ ሰባራ ቆጥራ ሞተች። እሱም ይህንኑ ፈልጎ ነበርና በለቅሶው ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

በድሮው ጦርነት የሚገድልህን ታውቀው ነበር፤ ፊቱን ታያለህ፤ ቢያንስ ትረግመዋለህ። ዛሬ ግን አንድ አባት ማንን ይርገም? ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን የማያውቀውን ሰው? የምትጮኸውን ንብ? ወይስ አሥር ደቂቃ ያልፈጀባቸውን የገዛ እጆቹን? ዕጣ ፈንታ ሲጨክን የባዳ እጅ አይበቃውም፤ የሚወድህን ሰው እጅ ይዋሳል። ሱቁ ዛሬም አለች፤ ሰውም የተበላሸ ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ጋሽ ሞገድ ግን ዕቃውን ከመንካቱ በፊት «ማነው የነቀለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እንጃ» ካሉት ሳይከፍት ይመልሰዋል።