የሚፈጥነው ቦርድ

ልብስ ሰፊዋ ልጅ በምሳ ሰዓት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቁ ገባች። እናቷ መስማት ካቆመች ዓመት አልፏታል። «ማን አንኳኩቶ ተመለሰ ይሆን?» እያለች ልጅቷ ሥራ ላይ ልቧ አያርፍም። እናም በር ሲንኳኳ የሚበራ መብራት በገዛ እጇ ልትሠራ ተነሥታለች።

ባለሱቁ ወጣት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚበየድባቸው ሁለት የተበሳሱ ቦርዶች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት።

«የዚህ ቀዳዳዎች በመስመር በመስመር የተያያዙ ናቸው፤ ሥራ ያፈጥናል፤ ግን መገናኘት የሌለበትን መስመር መቁረጥ አለብሽ። የዚህኛው ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው ነው፤ አንቺ ካላገናኘሽው አይገናኝም። ለጀማሪ ይሄ ይሻላል።»

«የሚፈጥነውን ስጠኝ፤ ቸኩያለሁ።»

«ማን ያባርርሻል?»

ሳቋ አመለጣት። የሚፈጥነውን ይዛ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን የጠቆረ ቦርድ ይዛ ተመለሰች። መቆረጥ የነበረበትን መስመር ሳትቆርጥ አቃጥላዋለች። «ነግሬሽ ነበር» ይለኛል ብላ ስትጠብቅ፣ እሱ ሌላኛውን ቦርድ አወጣና ወንበር ሳበላት።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓቷ እዚያው ሆነ። እሷ ትይዛለች፣ እሱ ይበይዳል። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ወደ ቀዳዳዎቹ ያቀረቅራሉ። መብራቱ የበራ ዕለት፣

«ሥራው አለቀ» አለ ባለሱቁ፤ መበየጃውን አስቀምጦ፣ «ላገባሽ እፈልጋለሁ» አላት።

ልቧ ዘለለ። አፏ ግን «እናቴን ለማን ጥዬ?» ብሎ ቀደማት። መብራቱን አንሥታ ወጣች።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍም እህልም አስጠላት። ተቀምጣ ትነሣለች፣ ተነሥታ ትቀመጣለች። የሰፋችውን ኮሌታ መልሳ ትፈታዋለች። በሱቁ በኩል ላለማለፍ ዙሪያውን ትሄድና፣ ዞራ ዞራ ራሷን ከሱቁ ማዶ ቆማ ታገኘዋለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ልጅቷ ማሽኗ ላይ ሳለች የበሩ መብራት ቦግ አለ። እናትየዋ ቀድማት ተነሥታ ከፈተች።

«ደህና ዋሉ፣ እማማ፤ መብራቱ ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለ ባለሱቁ።

እናትየዋ ከንፈሩን አየት አድርጋ፣ «ልጄን እንዲህ ያደረግካት አንተ ነህ?» አለችው። «ያንን ማሽን ያለ ክር ትነዳዋለች። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ እግሬ ይነግረኛል፤ ቀና ብዬ ሳይ መርፌው ባዶ ነው።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ መርፌውን አየች። እውነትም ክር የለውም።

«በሩን ራሴ ከፍቻለሁ» አለቻት እናቷ ዞር ብላ። «አንቺ ምን ቀረሽ?»

ልጅቷ እናቷ ከንፈሯን እንድታነብ ፊቷን ወደ እሷ አቀናች። ቃሉንም ቀስ አድርጋ፣ «አገባዋለሁ» አለች።

ባለሱቁ ገና ደፉ ላይ ነበር፤ መግባቱን ረሳው።