ያርዴና ያመጣችው ጠርሙስ

ሊባ ሮዘንሃይም ናፍታሊን ያወቀችው በፍሪምባ ምክንያት ነው።

ማንሃተን ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ባለው ሰፊ አዳራሽ፣ ከአይሁድ የፑሪም በዓል በፊት በየዓመቱ የሚደረገው የኮሸር፣ ማለት በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ፣ ወይንና ምግብ ቅምሻ ቀን ነበር። ሊባ ቲኔክ በምትባል ከተማ ካለችው ጠባብ ወጥ ቤቷ በጭስ ያበሰለችውን ፍሪምባ ይዛ መጥታ አንድ ጠረጴዛ ተሰጥቷታል። ከጎኗ ከሀድሰን ሸለቆ የመጣ ወይን ጠማቂ፣ ናፍታሊ፣ ጠርሙሶቹን ደርድሯል። ቁመተ ረጅም፣ ጢሙ ቀላ ያለ፣ ኪፓ የሚሉት የአይሁድ ቆቡ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብልበት ወጣት ነው።

ሕዝቡ መጋፋት ሲጀምር ሊባ አንድ ነገር ታዘበች። ሰው ሁሉ ከእሷ ሥጋ ይወስድና ፈንጠር ብሎ እሱ ጋ ይጠጣል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ «ወይ ወይን!» ይላል።

«ስማ» አለችው ቢላዋዋን አስቀምጣ። «ወይንህን የሚያሞግሱት በእኔ ሥጋ አፋቸውን አጣፍጠው ነው። ምስጋናው የማን እንደሆነ ብትነግራቸው ምን ይልሃል?»

«ነግሬያቸዋለሁ እኮ» አለ ፈገግ እንኳ ሳይል። «መጀመሪያ ከጎረቤቴ ብሉ፣ አለዚያ አልቀዳላችሁም እያልኩ ነው የምልክልሽ። ይሄ ሁሉ ሰልፍ ከየት የመጣ መሰለሽ?»

ሊባ ቀና ስትል ዓይኖቹ እዚያው ጠበቋት። ሁለቱም ቶሎ ወደየሥራቸው ዞሩ።

«አንቺ» አለቻት ሳህን የምታቀብላት ታላቅ እህቷ ራይዚ፣ «ጣትሽን ሳትቆርጪ ወይ ሥጋውን እዪ፣ ወይ ሰውየውን እዪ።»

ከዚያ በኋላ እንደ አጥባቂ አይሁድ ወግ በሆቴል ሳሎን ለስላሳ እየጠጡ ተገናኙ። እጅ አልተነካኩም፤ የሚነካካው ወሬያቸው ብቻ ነበር። ናፍታሊ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንዱ ራሱ አንስቶ ነገራት።

«አንድ ጊዜ ታጭቼ ነበር። ገሊላ ወይን ጠመቃ ስማር። ፈረሰ። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።»

«ማን ናት?»

«አለፈ እኮ ሊባ። ስሟ ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም» አለች ሊባ። አፏ ነው እንዲያ ያለው። ሆዷ ግን ስም ላልወጣላት ሴት መልክ አወጣላት፤ ዓይን ሰጣት፤ ፀጉር ሰጣት፤ አንዳንዴም ከራሷ አስበልጣ አቆነጀቻት።

የናፍታሊ ሥራ ደግሞ ለቀናተኛ ሰው የሚመች አይደለም። በየቅምሻው ሴቶች ብርጭቆ ይዘው ጠረጴዛው ላይ ይደገፋሉ። «ይሄ ምን ምን ይሸታል?» ይሉታል፤ ጎንበስ ብሎ «እስቲ እንደገና አሽትቺው፣ የበሰለ እንጆሪ አለበት» ይላል። ሊባ በሌላው ጠረጴዛ ፍሪምባዋን ከሚገባው በላይ እያሳሳች ትቆርጣለች። «የበሰለ እንጆሪ!» ትላለች ለራሷ። «ለእኔ እኮ ስለ እንጆሪ አውርቶኝ አያውቅም።»

ከወራት በኋላ፣ የሻቩኦት በዓል እንዳለፈ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ ሆቴል የአትክልት ስፍራ ሌላ ቅምሻ ተዘጋጀ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐዩ ደስ ይላል። የሊባና የናፍታሊ ጠረጴዛ በዚህ ጊዜ ተራራቀ። በሁለቱ መካከል ከገሊላ የመጣ የወይን ቤት ተሰየመ። ጠረጴዛው ኋላ ፀሐይ ያጠየማት፣ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ የምትጥል ሴት ቆማለች።

ብላውስታይን የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ብርጭቆ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የማይገኙበት ቅምሻ የለም። የሊባን ፍሪምባ እያኘኩ በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ያቺ ያርዴና ናት፣ የወይን ቤቱ ባለቤት ልጅ። ከዚህ ከቀይ ጢሙ ልጅ ጋር ሊጋቡ አልነበር? አዳራሽ ሁሉ ተይዞ ነበር አሉ!»

ሊባ ሹካውን አስቀምጣ ዞረች።

መልክ ስታወጣላት የከረመችው ሴት እውነተኛ መልክ ይዛ ፊቷ ቆመች። እውነቱን ለመናገር ከሐሳቡ ይልቅ እውነተኛዋ ትሻላለች፤ ሊባን የባሰ ያቃጠላት ይሄ ነው። ክፉ ብትመስል ምናለ? ቢያንስ ሳቋ ቢያስጠላ?

«ናፍታሊ!» ብላ ተጣራች ያርዴና። ከጠረጴዛው ሥር ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ አወጣች። «ይቺን ታውቃታለህ?»

ናፍታሊ መጣ። ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ዝም አለ። ሊባ ከርቀት ያንን ዝምታ አየችው። ሰው የጠፋበትን ነገር ሲያገኝ እንደዚያ ነው የሚያየው። «እኔን እንደዚህ አይቶኝ አያውቅም» አለች በልቧ።

«ያኔ አብረን የረገጥነው ወይን ነው» አለች ያርዴና። «የቀረው ይሄ ብቻ ነው። አሁን ልክፈተውና ትንሽ ይተንፍስ፤ ሰዉ ቀለል ሲል እንጠጣዋለን።»

ናፍታሊ ወደ ሊባ ዞሮ እጁን አወዛወዘ። «ሊባ! በኋላ ነይ! የሚቀምስልኝ አፍ እንዳይጠፋ!»

«ሥጋዬ ይቀዘቅዛል!» አለች ሊባ። ድምጿ ከሥጋው በፊት ቀዝቅዞ ነበር።

ወይን ሲጠመቅ በእሳት ካለፈ ማንም ቢቀዳው ችግር የለውም። ያላለፈውን ግን ሰንበት ከሚያከብር አይሁዳዊ በቀር ማንም አይቀዳውም፤ ሌላ ሰው ከቀዳው ኮሸር የሚጠብቅ ሰው አይጠጣውም። ስለዚህ የሆቴሉ አስተናጋጆች እንዳይሳሳቱ እንዲህ ያሉት ጠርሙሶች አንገታቸው ላይ ቀይ ጥብጣብ ይታሰራል። የያርዴና ጠርሙስም ጥብጣብ ነበረው።

ንግግር ሊደረግ ነው ተብሎ ያርዴና ወደ መድረኩ ተጠራች። ናፍታሊ ሳጥን ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ። ሊባ ሳህን የምትፈልግ መስላ ከጠረጴዛዋ ወጣች። ጠርሙሱ ተከፍቶ ቆሟል። ጥብጣቡን ፈታች፤ መሐረብ እንደምታስቀምጥ ሁሉ ሽርጥ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ጠርሙሱን አስተናጋጆቹ ከሚያነሷቸው ጠርሙሶች መሐል አቆመችውና ተመለሰች። ደስታ ትጠብቅ ነበር፤ ደስታው አልመጣም።

ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ተሰማ።

ኤርኔስቶ የሚባሉ አስተናጋጅ ጠርሙሱን ይዘው ለእንግዶች ሲቀዱ፣ የኮሸሩ ተቆጣጣሪ ረቢ ፊንክልማን ጽሑፍ የሌለውን ጠርሙስ አይተው ደረሱባቸው። የሆቴሉ ኃላፊ እየሮጠ መጣ።

«ስንት ጊዜ ተነገረህ? ቀይ ያለበትን አትንካ አልተባልክም?»

«ቀይ አልነበረበትም ጌታዬ» አሉ ኤርኔስቶ። ጠዋት የሊባን ከባድ ትሪ ተሸክመው ያመጡላት፣ «ሽታው ብቻ ያጠግባል» ብለው ያሳቋት እኚሁ ሰው ናቸው።

«እንግዳዋ ራሷ ናት ያሰረችው! ልትዋሽ ነው? ሽርጥህን አውልቅ፤ ነገ እንዳትመጣ።»

ኤርኔስቶ የሽርጣቸውን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። ያርዴና ፊቷ አመድ መስሏል። ናፍታሊ ሳጥኑን እንደያዘ ቆሟል።

ሊባ ራሷን መሐል ላይ አገኘችው።

«አይዋሹም» አለች። ጥብጣቡን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የፈታሁት እኔ ነኝ። ጠርሙሱንም እዚያ ያቆምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ምንም አላጠፉም።»

ረቢ ፊንክልማን መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አንቺ? ደንቡን አሳምረሽ ታውቂዋለሽ እኮ ልጄ። ለምን?»

«ቀንቼ ነው ረቢ።»

«በወይን ነው የምትቀኚው?»

«በእሷ» አለች ሊባ። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «ያን ጠርሙስ ሲያየው ያየበት ዓይን... እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ቻልኩ ብዬ ነበር። አልቻልኩም።»

ብላውስታይን እንኳ ማኘክ አቆሙ። ሊባ ቀና ብላ ናፍታሊን አየችው። ፊቱ ከጢሙ የበለጠ ቀልቷል። ሳጥኑን አስቀመጠና ዞሮ ሄደ።

ሊባ ኤርኔስቶን ይቅርታ ጠየቀች፤ ኃላፊው በሕዝብ ፊት ይቅርታ እስኪላቸው ድረስም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ረቢ ፊንክልማን እስከ መጪው በዓል ጠረጴዛ እንደማይሰጣት ነገሯት። ተገቢ ነው ብላ ተቀበለች።

«ባል ልታገኚ ሄደሽ ጠርሙስ ገደልሽ» አለች ራይዚ መኪናውን እየነዳች። ከዚያ የእህቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይታ መሐረብ አቀበለቻት። «እሺ፣ እሺ፣ አልቅሺ። ቀልዱ ይቆይ።»

በማግስቱ የሊባ ወጥ ቤት በር ተንኳኳ። ያርዴና ነበረች፣ ሻንጣዋን እየጎተተች።

«አውሮፕላኔ ከመነሳቱ በፊት ላይሽ ብዬ ነው።»

«ተሳደቢ» አለች ሊባ። «ይገባኛል።»

ያርዴና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። በመንገድ ላይ አለቀብኝ። ለመሆኑ ያንን ጠርሙስ ባሕር አሻግሬ ለምን ያመጣሁ ይመስልሻል?»

ሊባ መለሰች፣ «ያለፈውን ልታስታውሺው።»

«ልፈትነው። እጮኝነቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም። ሌላ ሴት እንዳገኘ ስሰማ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በአባቴ የወይን ቤት ሥራም ያዝኩለት። ትናንት ጠዋት፣ ገና ጠርሙሱን ሳላወጣ፣ አልመጣም አለኝ። እኔ ጥዬው ስሄድ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹መልካሙን ሁሉ ይስጥሽ።› ተረጋግቶ፣ በጨዋነት። ትናንት ባንቺ ተናዶ ሲወጣ ግን ኮቱንም፣ ባርኔጣውንም፣ የመኪናውንም ቁልፍ ረስቶ በእግሩ ነው የሄደው። እኔ እንደዚያ አናድጄው አላውቅም።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ያስቸግራል። ሊባ ፍሪምባ ቆርጣ በዳቦ ጠቀለለችላት፣ ለመንገድ።

ሊባ አልጠበቀችም። ያንኑ ሳምንት ወደ ሀድሰን ሸለቆ ነዳች። ናፍታሊ በወይን ተክሉ መሐል ቅጠል ይመለምላል። አይቷት አላቆመም።

«ልትጠይቂኝ ትችይ ነበር» አለ።

«ስሟን ጠየቅኩህ። ምን ያደርግልሻል አልከኝ።»

እጁ ቆመ። «እሱስ የእኔ ጥፋት ነው» አለ። «ግን ጠርሙሱን ለምን እንደዚያ እንዳየሁት ታውቂያለሽ? በሕይወቴ ከጠመቅሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። እውነት ይሁን ምኞት ባንቺ ምላስ ላረጋግጥ ነበር። ከእሷ ጋር ለመጠጣት አልነበረም። አሁን መቼም አላውቀውም።»

«ይቅር በለኝ» አለች ሊባ።

«ይቅር ብያለሁ። ንዴቴ ግን ገና አልወጣም፤ ይቆይ።» ቅጠል ቀጠፈ። «ደግሞ ቅናት ላንቺ ብቻ የተሰጠ መሰለሽ? ያ ብላውስታይን ጠረጴዛሽ ላይ ተደፍቶ ‹እኔ ወጣት ብሆን ኖሮ› ሲልሽ የምትስቂው ሳቅ አለ...»

«ሰማንያ ዓመታቸው ነው እኮ!»

«ጥርሳቸው ግን ጤነኛ ነው።»

ሊባ ሳቀች፤ እሱም ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። በመካከላቸው አንድ የወይን ግንድ ብቻ ነበር። ያ ዓይን፣ በጠርሙሱ የቀናችበት ዓይን፣ አሁን በእሷ ላይ ነበር። ምናልባትም ድሮም ነበር፤ እሷ ናት ሥጋ እየቆረጠች ያላየችው።

«ናፍታሊ፣ ይሄ ነገር አይለቀኝም» አለች። «ብታገባኝ ከነቅናቴ ነው።»

«አገባሻለሁ ያለሽ ማነው?»

«ማንም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ናፍታሊ መቀሱን ኪሱ ከተተ። «ለቀማው ሳይደርስ ይሁን እንግዲህ። በለቀማ ጊዜ ሙሽራ መሆን አልችልም።»

«እናቴ ስለ እኔ ምን ታውቃለህ ብላ ትጠይቅሃለች።»

«ቀናተኛ ናት እላታለሁ።»

«እሱን ታውቃለች።»

«ካወቀችማ ምን የሚደበቅ ነገር ቀረ?»

ሠርጉ ወይኑ ሳይለቀም ተደረገ። ብላውስታይን ብርጭቆአቸውን አንጠልጥለው መጥተው ከወጣቶቹ በላይ ጨፈሩ። ያርዴና ከአባቷ ቤት አዲስ ወይን በሳጥን ላከች። ሊባ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ራሷ ከፍታ፣ ማንም ሳያያት ተጎነጨች። ግሩም ወይን ነበር። ግሩም መሆኑ ግን ትንሽ አናደዳት።