የከበሮው ሰሊጥ

መምህር ጋረደው በወደቀበት፣ ከራሱ አጠገብ ዘነዘና ተጋድሟል። የፊደል መምህሩን ሞቶ ያገኘችው ተማሪው እናኑ ናት። እንስራዋን ሳታወርድ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን እንቢ አላት። ወደ በሩ ሮጠች።

የሱዳኗ ገዳሪፍ ፖሊስ መርማሪ ሙዘይን እናቱ የመተማ ሰው ነችና አማርኛው ጥርት ያለ ነው። ክፍሉን አሳሽጎ የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፈ። ስደተኛው ሰፈርተኛ ሁሉ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ራሒማ ጆሮዋ ባይሰማም ዓይኗ የንስር ነው።

«ከእሷ በቀር የገባም የወጣም የለም፤ ስትወጣም መምህሩ በሩ ድረስ ሸኝተዋታል» አለች፣ ወደ እናኑ እየጠቆመች።

እንግዲህ ገዳዩ እዚያው ግቢ ነው፤ ወይ የእናኑ ልጅ ዳምጤ፣ ወይ እንግዳው የሚባለው ባለወፍጮ።

«ዳምጤ ጠዋት ከመምህሩ ጋር ተጣልቷል» አለ እንግዳው።

«ከበሮውን ለሰርግ ያውሱኝ ብዬ ነው፣ ጀናቡ!» አለ ዳምጤ መርማሪውን። «ሲከለክሉኝ ሄጄ ተኛሁ።»

«ተኝተህ ማን አየህ?»

«ማንም» አለ ዳምጤ። እናኑ ልጇ ፊት ቆመች። ልጇ ከውትድርና ሸሽቶ ነው ድንበር የተሻገረው፤ ነፍሰ ገዳይ ከተባለ በመተማ በኩል ለደርግ ይሰጣል። አጥሩ ከፍ ያለ ግንብ፣ በሩም አንድ።

«አንተስ?» አለው ሙዘይን እንግዳውን።

«እሷ ውኃ ስትወርድ ወፍጮዬን አስነሳሁ፤ እህሉ እስኪያልቅ ከአጠገቡ አልተለየሁም። በዚያ ጩኸት ምን ይሰማል?»

ሙዘይን ክፍሉን ከፈተ። ከወፍጮ ቤቱ በሚያዋስነው ግድግዳ ሥር ከበሮ ቆሟል፤ ቆዳው ላይ ሰሊጥ ተነስንሷል።

«ይህ ምንድን ነው፣ እናቴ?» አላት እናኑን።

«ትምህርት ነው። አጠገቡ ‹ኡ› ሲባል ሰሊጡ ዘሎ መስመር ይሠራል። ‹ፊደል ማለት የሚታይ ድምፅ ነው› ይሉን ነበር። ስወጣ ወፍጮው ዝም ብሎ ስለነበር፣ አስተካክዬ ነስንሼው ሄድሁ።»

«አሁንስ?»

ጎንበስ ብላ አየች። «እንደተውሁት ነው።»

ሙዘይን ሁሉንም በከበሮው ዙሪያ አቁሞ፣ ፖሊስ ልኮ ወፍጮውን አስነሳ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ሰሊጡ እንደ ንብ ተርመስምሶ ቀለበት ሠራ። የማትሰማው ራሒማ ከሁሉ ቀድማ «ወላሂ፣ ወፍጮው!» አለች።

ወፍጮው ሲጠፋ ሙዘይን ወደ እንግዳው ዞረ። «እናኑ ሰሊጡን ለጥ አድርጋ ወጣች፤ ስትመለስም ለጥ እንዳለ ነው። ስለዚህ ወፍጮህ በመሃል አልተነሳም። ዳምጤ ምስክር የለውም፤ የአንተ ምስክር፣ ወፍጮህ፣ ግን ራስህን አጋለጠህ። የት ነበርህ?»

እንግዳው የግቢውን በር አየ፤ ተቆልፏል።

«ጎንደር የደርግ እስር ቤት ጠባቂ ሳለሁ መምህሩ ያውቀኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ለስደተኛው ሁሉ ሊነግር ነበር። ከዚህ ወዲያ ወዴት እሸሻለሁ?»

እናኑ የልጇን እጅ ጨበጠች። ከዚያ በከበሮው ላይ አጎነበሰች፤ እንቢ ያላት ድምፅ አሁን ወጣ።

«የኔታ!»

ቀለበቱ ፈረሰ፤ ሰሊጡም የድምፅዋን መልክ ያዘ።