አብዱልሐሚድን የጣለው ኪኒን

ሀጀር ባሏን ያገኘችው ወለል ላይ ተዘርሮ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። በደቂቃ አራት ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል። አብዱልሐሚድ እኮ ነው! በሚኒባሱ ጥሩምባ ቦሌ አራብሳን በሙሉ ከአልጋ የሚያስነሳው!

ሐኪሞች በመርፌ መለሱት። ጥርሱን ተነቅሎ ኮዴን የሚባል ማስታገሻ ታዞለት ነበር። «ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የዋጥኩት፣ እንደታዘዝኩት» ብሎ ማለ።

ጉዳዩን የያዘው ኢንስፔክተር ወንድወሰን አላመነም። ከአትላስ እስከ ለሚ እሱ ያላስለቀሰው ሌባ አልተወለደም። ኪኒኑን የሸጠችውን የፈዲላን ፋርማሲ አሸገ።

«ምን ቀላቅለሽ ነው የሰጠሽው? ይሄ ፈረስ ይጥላል!»

«ፈረስ ደንበኛ የለኝም፣ ጋሼ። የታዘዘውን ነው የሰጠሁት። ፈቃዴን ካስነጠቁኝ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።»

ወንድወሰን ወደ አብዱልሐሚድ ቤት ወጣ። ኪኒኑን ቆጠረ። ከሃያው አሥራ ስምንት መቅረት ሲገባው አሥራ ስድስት! ዓይኑ እንደ ባውዛ በራ።

«ሀጀር፣ ሁለቱን ለጥርሱ ብለሽ በሠራሽው ሾርባ ውስጥ ጨመርሽበት!»

«ወላሂ ሾርባውን እኔም ጠጥቻለሁ! ደግሞ ልገድለው ካሰብኩ ጥርሱን ምን አስነቀለኝ?»

ይሄኔ ጎረቤታቸው እማማ ወለተማርያም በሩን ገፋ አደረጉ።

«ተዋት ልጄ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ራሴን አሞኝ መጣሁ፣ ሰው የለም፣ መደርደሪያው ላይ አየሁት። እዚህ ፎቅ ኪኒን እንደ ጨው ነው የምንበዳደረው።»

«ከዚሁ ማሸጊያ?»

«ከዚሁ! ሁለቱንም ባንዴ ዋጥኩ። እንኳን ሊጥለኝ፣ ራስ ምታቱም አልለቀቀኝ!»

ወንድወሰን ማሸጊያውን አገላበጠ። ኪኒኑ አንድ፣ መጠኑ አንድ። የተለያየው ሰዉ ነው! አብዱልሐሚድንና እማማን እየነዳ ለደም ምርመራ ወሰዳቸው።

ውጤቱ ሲመጣ የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ጸጋይ ሳቀ።

«ኮዴን የሚያስታግሰው ጉበት ሞርፊን ወደሚባል ብርቱ ማደንዘዣ ሲለውጠው ነው። ይህን የሚያዘው ጂን፣ ከወላጅ የሚወረሰው የዘር ቅንጣት፣ አብዱልሐሚድ ላይ ተደራርቧል፤ ጉበቱ ከልክ በላይ ፈጥኖ ሞርፊን አጥለቀለቀው፣ ትንፋሹንም ያዘው። የእማማ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ለሱ መርዝ፣ ለሳቸው ጠጠር።»

«ወንጀለኛው የገዛ ጉበቱ ነዋ!» አለ ወንድወሰን።

«ጉበቱም እንደሱ ትራፊክ አያከብርም በሉኛ!» አለች ሀጀር።

ወንድወሰን የፋርማሲው በር ላይ የለጠፈውን እሽግ በገዛ እጁ ቀደደ። የአራብሳ ብሎኮች በእልልታ ተነቃነቁ። ፈዲላ በሯን ከፍታ «ኮዴን እንዳይሰጠው» የሚል ካርድ ለአብዱልሐሚድ ጻፈችለት፤ ወንድሞቹም እንዲመረመሩ አስጠነቀቀችው።

ሰዉ ሲበተን ኢንስፔክተሩ ግራ ቀኙን ቃኘ። ከኪሱ ከባልደረባው የተዋሰውን የወገብ ሕመም ኪኒን አወጣ።

«እህቴ፣ ይሄን… እኔ ብውጠው?»

ፈዲላ ተቀበለችው። ወንበር ሳበችለት።

«ይቀመጡ ጋሼ። አሁን ጠያቂዋ እኔ ነኝ።»